ለውሻዬ ቺዝ ብሰጠው ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማቀዝቀዣው ሲከፈት ከየትም ይሁን ከየት ተፈትልኮ ይመጣል። እግራችሁ ሥር ቁጭ ይላል። ጭራውን እየቆላ ዓይኑን ከእጃችሁ ላይ አይነቅልም። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ይህችን ትዕይንት ያውቃታል፣ "ትንሽ ብሰጠው ምን ይሆናል?" ብሎ ማሰቡም አይቀርም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ይሆናል፣ ያውም ከባድ ነገር። ልዩነቱ ያለው በቺዙ ዓይነት፣ በመጠኑና በውሻው ጤና ላይ ነው። ከውሻ ባለቤቶች ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ውሻ ቺዝ መብላት ይችላል ወይስ አይችልም?

ይችላል። ውሻው ጤነኛ ከሆነ፣ ቺዙ ምንም ያልተጨመረበት ተራ ቺዝ ከሆነ፣ የሚሰጠውም በጥቂቱ ከሆነ ችግር የለውም። ቺዝ በራሱ ለውሻ መርዝ አይደለም። ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ቫይታሚን "ኤ" ደግሞ አለው። ግን እነዚህን ፍለጋ ብላችሁ እንዳትሰጡት። የተመጣጠነ የውሻ ምግብ የሚበላ ውሻ ይህን ሁሉ ከሳህኑ ያገኛል። ቺዝ የሚሰጠው ስለሚወደው ብቻ ነው፤ ጎበዝ ለማለት፣ ለማባበል፣ ሲቸግር ደግሞ ክኒን ለመደበቅ። እኔ እንዳየሁት መጠኑን የሚያበዛው ሰው "ይጠቅመዋል" ብሎ የጀመረው ነው።

ውሻ ወተት አይስማማውም ይባል የለ? ታዲያ ቺዝ እንዴት ይስማማዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ቡችላ የእናቱን ወተት ሲጠባ ይህን ስኳር የሚፈጭለት ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አንጀቱ ውስጥ በብዛት አለ። ጡት ከጣለ በኋላ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዱ ውሻ በጣም ይቀንስበታል፣ አንዳንዱ ትንሽ ብቻ። ሳይፈጭ የቀረው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ከዚያ ሆድ ማጉረምረም፣ ጋዝ፣ ተቅማጥ ይከተላል።

ቺዝ ሲሠራ ግን ወተቱ ይረጋል፣ አጓቱም ይለያል። አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር አብሮ ይወጣል። የተረፈችውንም ቺዙ ሲከርም ባክቴሪያዎቹ ይጨርሷታል። 100 ግራም ወተት ውስጥ 5 ግራም ገደማ ላክቶስ ሲኖር፣ ወራት በከረመ ቼዳር ወይም ፓርሜዛን ውስጥ ያለው ከ1 ግራም በታች ነው። ስለዚህ ወተት የሚያስቀምጠው ውሻ ደረቅ ቺዝ በልቶ ምንም ላይለው ይችላል። ለስላሳና ያልከረመ ቺዝ ላክቶሱ ከፍ ይላል፣ እንደ ኮቴጅ ቺዝና ክሪም ቺዝ ያለው ማለት ነው።

አንድ የተሳሳተ ነገር ደጋግሜ ስለምሰማ እዚሁ ላንሳው። የፍየል ቺዝ ላክቶስ የለውም የሚባለው ልክ አይደለም። የፍየል ወተትም ላክቶስ አለው።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምመርጠው ሞዛሬላ ነው፣ በተለይ ስቡ የተቀነሰለት። ስዊስ ቺዝም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ጨው ይቀንሳል፤ 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ብዙ ጊዜ ከ200 ሚሊ ግራም በታች ነው። ኮቴጅ ቺዝ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ መወፈር ለሚያሰጋው ውሻ ይስማማል፣ ሆዱ ላክቶስ የሚችል ከሆነ። ቼዳርም ይሰጣል፣ ግን ሲሶው ስብ መሆኑን አትርሱ።

ፌታ በጣም ጨዋማ ነው። ፓርሜዛንም እንደዚያው። ለሳንድዊች ተብሎ በፕላስቲክ የሚጠቀለለው የተቀነባበረ ቺዝ ደግሞ በ100 ግራም ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም ሊኖረው ይችላል። አንድ ጊዜ ትንሽ ቢቀምስ አይሞትም። የየቀኑ ሽልማት ማድረግ ግን አልመክርም። ክሪም ቺዝ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ይመስለኛል፣ ሲሶው ስብ ሆኖ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ብሪ እና ካማምቤር የሚባሉት ለስላሳ ቺዞችም ስባቸው ብዙ ስለሆነ ይቅሩ። ካልተፈላ ወተት የተሠራ ቺዝም አትስጡ። ሊስቴሪያና ሳልሞኔላ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ያ ደግሞ ለውሻው ብቻ ሳይሆን እጁን ለሚልሰው ልጅም ይተርፋል።

ምን ያህል ልስጠው?

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የተለመደው መለኪያ እንዲህ ነው። ማባበያ ተብሎ የሚሰጠው ሁሉ ተደምሮ ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ካሎሪ ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ሁሉም ሲባል ቺዙ ብቻ አይደለም። ብስኩቱም፣ የሥጋ ቁራጩም፣ ልጆቹ ከጠረጴዛው ሥር የሚያቀብሉትም ይቆጠራል።

በቁጥር እንየው። 5 ኪሎ የሚመዝን ያደገ ውሻ በቀን ወደ 350 ካሎሪ ይበቃዋል። 10 በመቶው 35 ካሎሪ ነው። 100 ግራም ቼዳር 400 ካሎሪ ገደማ ስላለው፣ የተፈቀደለት 9 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ በቀን 1,000 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ጣሪያው 25 ግራም ነው። እነዚህ ግምቶች ናቸው። የተኮላሸ፣ ያረጀ ወይም ብዙ የማይንቀሳቀስ ውሻ ከዚህም ያነሰ ነው የሚበቃው።

ሚዛን የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ። በሁሉም ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ወደ 1 ግራም ትመዝናለች፣ 4 ካሎሪም አላት። ለትንሹ ውሻ 8 እንደዚህ ዓይነት ቁራጭ ጣሪያ ነው፣ ያውም በዚያን ቀን ሌላ ምንም ካልቀመሰ። እኔ ግማሹን፣ 3 ወይም 4 ብቻ እሰጣለሁ፣ በየቀኑም አላደርገውም።

አሁን ከሳንድዊች የተረፈችውን አንዲት ስስ ቺዝ አስቧት። 20 ግራም ብትሆን 80 ካሎሪ ናት። ለ5 ኪሎው ውሻ የቀን ምግቡ ሩብ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው! በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ብንመልሰው ከ100 ግራም በላይ ቼዳር በአንድ ጊዜ እንደ መጉረስ ነው። እኛ "ትንሽዬ" ያልናት ለእሱ ትንሽ አይደለችም።

ሌላው ችግር ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲኖር ነው። እኛ ቤት 4 ሰው አለ። ውሻችን በአንድ ክረምት ከ9 ኪሎ ወደ 11 ሲደርስ ሁላችንም ግራ ገባን፣ ምክንያቱም እያንዳንዳችን በቀን አንዴ ብቻ ነበር የምንሰጠው። ሲደመር ግን 4 ጊዜ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ጠዋት የቀኑን ድርሻ በትንሽ ኩባያ አድርገን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጣለን። ከዚያ የፈለገ ይሰጠዋል። ኩባያው ባዶ ከሆነ አለቀ፣ ነገ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ውሻ ለቁራጩ ትልቅነት ብዙም አይጨነቅም። ስንት ጊዜ እንደተሰጠው ነው ደስታው። አንዷን ቁራጭ ለ4 ከፋፍላችሁ 4 ጊዜ ብትሰጡት ከአንድ ትልቅ ጉርሻ ይልቅ ይደሰታል።

በምንም መንገድ የማይሰጠው የትኛው ነው?

አንደኛ ብሉ ቺዝ። ሮክፎር፣ ጎርጎንዞላ፣ ስቲልተን የሚባሉት፣ ውስጣቸው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የተሰራጨባቸው። ይህ ሻጋታ ሮክፎርቲን ሲ የሚባል ነገር ሊያመነጭ ይችላል። ለሰው ብዙም አያስቸግርም፣ ውሻን ግን ሊያስታውከው፣ ሊያስቀምጠው፣ ብዙ ከበላ ደግሞ ትኩሳትና የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። እዚህ ላይ "ትንሽ ከሆነ" አልልም። አትስጡት።

ሁለተኛ ሳይታሰብ የሻገተ ማንኛውም ቺዝ። ብዙ ሰው ለራሱ የማይበላውን ለውሻው ይጥልለታል። ይህን ልማድ እባካችሁ ተዉት። የወተት ተዋጽኦ ሲሻግት አንዳንዱ ሻጋታ ነርቭን የሚነካ መርዝ ይሠራል፣ ውሻውም ከሰዓታት በኋላ መላ አካላቱ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ለቆሻሻ ያላችሁት ለቆሻሻ ይሁን፣ ክዳኑም በደንብ ይዘጋ።

ሦስተኛ ቅመም የገባበት ቺዝ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፣ በዱቄት መልክ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የተከማቹ ናቸው። ዘቢብ ያለበት ቺዝ ኩላሊት ሊያስቆም ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከዕፅዋት የሚሠራው ቪጋን ቺዝም ላክቶስ ባይኖረውም ብዙ ጊዜ የሽንኩርት ዱቄት ይገባበታል። ከፒዛ ላይ የተላጠ ቺዝ ደግሞ ፒዛው ላይ የነበረውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

የቺዙ ሰም፣ ፕላስቲኩና ክሩም አይረሳ። አንጀት ሊዘጉ ይችላሉ።

ክኒን በቺዝ ጠቅልዬ ብሰጠውስ?

ይሠራል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን መጀመሪያ ክኒኑ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ካልሲየም ከአንዳንድ አንቲባዮቲኮች ጋር ተጣብቆ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። በተለይ የቴትራሳይክሊን ቤተሰብና ኢንሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉት። ውሻው ክኒኑን ውጧል፣ እናንተም ግዴታችሁን ተወጥታችኋል፣ መድኃኒቱ ግን ሳይሠራ ይወጣል።

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ውሻዬ ቆዳው ቆስሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ጠዋት ማታ በቺዝ እየጠቀለልኩ በደስታ አበላሁት። ቁስሉ ግን እንዳለ ነው። ተመልሰን ስንሄድ የእንስሳት ሐኪሟ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "በምን አድርገው ነው የሚሰጡት?" የሚል ነበር። መድኃኒቱ ሲሰጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ በተቀቀለ ዶሮ ቀየርነው፣ ቁስሉም ደረቀ። ስለዚህ ክኒን ሲታዘዝላችሁ "ከቺዝ ጋር ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። በባዶ ሆድ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ።

ቺዝ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። 3 ትንንሽ ቁራጭ አዘጋጁ። የመጀመሪያዋ ባዶ ትሁን፣ ክኒኑ ሁለተኛዋ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛዋን ስትሰጡት ሦስተኛዋን አፍንጫው ሥር አሳዩት። እሷን ለማግኘት ሲጣደፍ ሳያላምጥ ይውጣታል።

ለሥልጠና ይሆናል?

በጣም። አሠልጣኞች ከሚወዷቸው ማባበያዎች አንዱ ነው። ውሻ ምላሱ ላይ ያለው የጣዕም መቀበያ 1,700 ገደማ ነው፣ የሰው ግን ወደ 9,000 ይጠጋል። ታዲያ ውሻን የሚያሳብደው በዋናነት ሽታው ነው፣ ቺዝ ደግሞ ሽታ ሞልቶታል። ተራ ብስኩት የማይሰማው ውሻ፣ ሌላ ውሻ አይቶ የሚጮኸው፣ ስትጠሩት የማይመጣው፣ ለቺዝ ይዞራል። ለዚህ ነው ለከባዱ ሥራ ብቻ አስቀምጡት የምለው። ቤት ውስጥ ለ"ተቀመጥ" የራሱ ምግብ ይበቃል። ደጅ ላይ ስትጠሩት ለመምጣት ቺዝ ይሁን።

ቁራጩ የአተር ፍሬ ቢያክል ይበቃል። የሚፈረፈር ቺዝ ከሆነ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ ሳይፈርስ ይቆረጣል። እኔ የምወደው ዘዴ ሌላ ነው። ጥቂት ቺዝ ከራሱ ደረቅ ምግብ ጋር በአንድ ዕቃ ከድኜ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ደረቁ ምግብ ራሱ ቺዝ ቺዝ ይሸታል፣ ካሎሪው ግን ያው ነው።

ለቡችላስ?

ቢያንስ ጡት እስኪጥልና የራሱን ምግብ በደንብ እስኪለምድ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ጥቂት ፍርፋሪ አይጎዳውም። የቡችላ ሆድ ግን ቶሎ ይረበሻል፣ ተቅማጥም ቶሎ ውሃውን ያሟጥጥበታል። ከአዲስ ነገር ጋር ስታስተዋውቁት አንድ በአንድ ይሁን።

ጭራሽ ቺዝ መቅመስ የሌለበት ውሻ አለ?

አለ። ቆሽቱ ከዚህ በፊት ተቆጥቶ የሚያውቅ ውሻ ዋናው ነው። ስብ የበዛበት ምግብ የቆሽት ቁጣን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ይህ በሽታ ደግሞ በጣም ያሠቃያል፣ ይገድላልም። ሚኒየቸር ሽናውዘር የሚባለው ዝርያ በተፈጥሮው ደሙ ውስጥ ስብ ስለሚበዛ ይበልጥ ይጋለጣል። የልብ ሕመም ያለበት ውሻ ጨው ይቀነስለታል፣ ስለዚህ ቺዝም ይቀርበታል። የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ፎስፈረስ መቀነስ አለበት፣ ቺዝ ውስጥ ፎስፈረስ ብዙ ነው። ለፊኛ ጠጠር ወይም ለሌላ ሕመም ልዩ ምግብ የታዘዘለት ውሻ ካለም ከታዘዘው ውጪ ምንም አትጨምሩ።

ከመጠን በላይ የወፈረውንስ? እሱን ከልክሉት አልልም፣ ግን ቺዙን ከምግቡ ላይ ቀንሱለት።

ቺዝ ሲበላ ያሳክከዋል። ይህ የላክቶስ ነገር ነው?

ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ አትለፉት። ላክቶስ አለመቻል የሆድ ጉዳይ ነው። ጋዝና ተቅማጥ ነው የሚያመጣው። ማሳከክ፣ እግርን መላስ፣ ጆሮ ቶሎ ቶሎ መቁሰል ግን ለአለርጂ ያደላል። አለርጂ የሚነሳው ከፕሮቲኑ ነው። የወተት ተዋጽኦ ከበሬ ሥጋ፣ ከዶሮና ከስንዴ ጋር ውሻ ላይ አለርጂ ከሚያስነሱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። እንደዚያ ከሆነ ላክቶስ የሌለው ቺዝም አይረዳውም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ሳይሆን በሐኪም ክትትል ተጠርጣሪው ምግብ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲሞከር ነው። በእነዚያ ሳምንታት አንዲት ፍርፋሪ ብትገባ ሁሉም እንደገና ይጀመራል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።

የሚታኘከው ደረቅ የቺዝ ዱላስ?

ያክ ከሚባለው የሂማላያ ከብት ወተት የሚሠራው ድንጋይ የመሰለው ማለታችሁ ነው። ላክቶሱም ስቡም ትንሽ ነው፣ ውሻውንም ለሰዓታት ያቆየዋል። የእኔ ፍርሃት ጥርሱ ነው። በጥፍራችሁ ጫኑት። ምልክት ካላወጣ ጥርስ ሊሰብር የሚችል ጥንካሬ አለው። ትንሽ ሲቀር ደግሞ ሙሉውን ሊውጠው ስለሚችል ቀድማችሁ ውሰዱበት።

ከጠረጴዛ ላይ ሙሉ ቺዝ ሰርቆ በላ! ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መጠቅለያውን ፈልጉና የተጻፈውን እዩ። ብሉ ቺዝ፣ የሻገተ፣ ሽንኩርት ወይም ዘቢብ ያለበት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ የእንስሳት ሐኪም ጋር ደውሉ። መጠቅለያውንም ያዙት፣ ይጠየቃል። ጨው ወይም ሌላ ነገር አጠጥታችሁ በራሳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ጨው ራሱ ይመርዘዋል።

ተራ ቺዝ ከሆነና ውሻው ትልቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥና ጋዝ ነው የሚከተለው። ጨዋማ ስለሆነ ይጠማዋል፣ ንጹሕ ውሃ አይጥፋ። ትንሽ ውሻ ከሆነ ግን 200 ግራም ቼዳር 800 ካሎሪ ነው፣ ከሁለት ቀን ምግቡ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ ደውላችሁ አማክሩ። ቀጣዮቹን 3 ቀናት በደንብ ተከታተሉት። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ ወይም ቂጡን አንስቶ ደረቱን መሬት ላይ ካስደገፈ ሆዱን እያመመው ነው። ይህ ሌሊትም ቢሆን የሚያስነሳ ነው፣ ይዛችሁት ሂዱ። ሽንኩርት የበላ ውሻ ደግሞ ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከደከመው።

ቺዝ ከለመደ ወዲህ የራሱን ምግብ እምቢ አለኝ

ምግቡ ላይ ቺዝ መፈርፈር የጀመራችሁ ቀን ነው ይህ የመጣው። ጤነኛ ከሆነና እንደ ወትሮው ከተጫወተ እንዲህ አድርጉ። ሳህኑን በሰዓቱ አቅርቡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልበላ አንሱት። እስከሚቀጥለው ሰዓት ምንም የለም። ቺዙንም ከሳህኑ ጋር ጨርሶ አታገናኙት፣ በሌላ ክፍል፣ አንድ ነገር ሲሠራ ብቻ ይሰጠው። አብዛኛው ውሻ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ምግቡ ይመለሳል። ቡችላ፣ በጣም ትንሽ ዝርያ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ውሻ ግን በረሃብ አይፈተንም። እንዲሁም ውሻው ቺዙንም ጭምር እምቢ ካለ ነገሩ አመል አይደለም፣ ታሟል ማለት ነውና ሐኪም ይየው።